ዕድሜ ልክ አንድ ተውሳክ ላይ፦ ስለ ሩት ኑሰንዝዋይግ

ጤናዳም

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ባዮሎጂ ተመርቋል፣ ማስተርስ ሊጀምር ነው። «የወባ ኢሚዩኖሎጂ ልግባ ወይስ እንጀራ የሚሆነኝን ነገር ልፈልግ?» አለኝ። እኔ ስምንት ዓመት እዚያ መስክ ውስጥ፣ ሰውነት ወባን እንዴት እንደሚከላከል በሚጠናበት፣ ኖሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። መልሱ ከአፌ አልወጣ አለ። በምትኩ የአንዲት የወባ ተመራማሪ ታሪክ አወራሁለት። ሳወራ ካርዴ አለቀ። ስለዚህ ቀሪውን እዚህ ልጻፍለት። የተሳሳትኩትን አርሙኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሩት ኑሰንዝዋይግ በ1928 ቪየና ውስጥ ተወለደች። አባቷም እናቷም ሐኪሞች ነበሩ፤ ቤተሰቡ አይሁድ ነው። ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ መኖር አልተቻለም። በ1939 ተሰደው ብራዚል ገቡ። ያኔ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነች።

ሳኦ ፓውሎ ሕክምና ተማረች። እዚያው ቪክቶር የሚባል ተማሪ አገኘች፣ ተጋቡ። ሁለቱም ገና ተማሪ ሳሉ የሠሩት ሥራ እኔን ሁሌ ይገርመኛል። በደቡብ አሜሪካ ቻጋስ የሚባል በሽታ አለ። ተውሳኩን የሚያስተላልፈው በጭቃ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር ደም መጣጭ ነፍሳት ነው። ግን በደም ልገሳም ይተላለፍ ነበር። እነሩት የተለገሰው ደም ውስጥ ጄንሺያን ቫዮሌት ጨመሩበት። ተውሳኩ ሞተ። አዎ፣ ያው እኛ ጂቪ የምንለው፣ ልጅ አፉ ሲቆስል የሚቀባው ሐምራዊ ቀለም! በላቲን አሜሪካ የደም ባንኮች ለዓመታት ተሠራበት።

ከዚያ ፓሪስ ሄዱ፤ በ1963 ደግሞ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ። በ1964 ብራዚል ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ቪክቶር የግራ ፖለቲካ ያለው ሰው ነበር። ኒውዮርክ ቤታቸው ሆነች። ለሩት ሁለተኛ ስደት ነው።

አሁን ወደ ወባው። ትንኟ ስትነክስ የምትለቀው ስፖሮዞይት የሚባለውን የተውሳኩን ቅርጽ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ መቶ እንኳ አይሞላም። ከቆዳ ተነስቶ ደም ውስጥ ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ጉበት ይደርሳል። አንዱ ጉበት ውስጥ ተባዝቶ በአሥር ሺዎች ይሆናል። ሰው የሚታመመው ይህ መንጋ ወደ ደም ሲወጣ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚያዩት ደሙን ነበር። ስፖሮዞይቱን ማን ይይዘዋል? ገና ዞር ሳትል ጉበት ገብቷል።

ሩት ግን እሱን ያዘች። የአይጥ ወባ የያዙ ትንኞችን በኤክስሬይ ጨረር መታች። ከምራቅ ዕጢያቸው ስፖሮዞይቱን አውጥታ አይጦች ላይ ወጋች። አይጦቹ አልታመሙም። በኋላ ደህናውን፣ ያልተመታውን ስፖሮዞይት ሰጠቻቸው። አብዛኞቹ አሁንም አልታመሙም። ይህ በ1967 ታተመ። የወባ ክትባት ይቻላል የሚለው ነገር እውነተኛ መሠረት ያገኘው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። በ1969 አብሯት ከሚሠራው የትንኝ ሰው ከጀሮም ቫንደርበርግ ጋር ሆነው አንድ የሚያስቅ ነገር አዩ። ስፖሮዞይቱን ከተከተበ እንስሳ ደም በወጣ ፈሳሽ ውስጥ ሲያስቀምጡት ከኋላው ረጅም ጅራት አወጣ። ልብሱን እየጣለ የሚሸሽ ነው የሚመስለው። ልብሱ ምንድን ነው? እሱን ለማወቅ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በ1980 ላብራቶሪዋ ስፖሮዞይቱን የሚሸፍነውን ፕሮቲን ለየ። ለዚያ ፕሮቲን የተሠራ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርምን የሚይዝበት መከላከያ) የተወጋ አይጥ ከወባ ዳነ። በ1984 የሰው ወባ ላይ ያለው የዚሁ ፕሮቲን ጂን ተነበበ። አራት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቅንጣቶች) እንደ ዝማሬ አዝማች ይደጋገምበታል። ጋዜጦች ክትባቱ በጥቂት ዓመት ይደርሳል ብለው ጻፉ።

በጥቂት ዓመት! በ1987 በሰው ላይ ሲሞከር ከስድስት ሰው አንዱ ብቻ ዳነ።

በዚያው ጊዜ ቤልጂየም ያለ የክትባት ላብራቶሪ ከአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ያንኑ ፕሮቲን ከሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጋር አጣበቀው። አርቲኤስኤስ ተባለ። በ1997 የታተመው ሙከራ ላይ ከሰባት ስድስት ሰው ዳነ። ከዚያ አፍሪካ ውስጥ የልጆች ሙከራ። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን ለልጆች የመከረው ጥቅምት 6 ቀን 2021 ነው፣ በፈረንጅ ጥቅምት። ከ1967 ብትቆጥሩ 54 ዓመት።

ሩት በሚያዝያ 2018 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች፣ 89 ዓመቷ ነበር። ማላዊ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ልጆች በመደበኛ ክትባት ጣቢያ የተከተቡት በሚያዝያ 2019 ነው። አንድ ዓመት ቀደመች።

እና ልጁን ምን ልበለው?

ጋሽ_ስላይድ

ልጄ ጤናዳም፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። ግን የ89 ዓመት ፕሮፌሰር «አንቺ» ይባላል እንዴ? ለማንኛውም ይለፍ።

እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ 34 ዓመት ተቀምጫለሁ። ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። አርባ ምንጭ፣ መቱ፣ መጨረሻ ላይ መተማ። ኢሚዩኖሎጂ የሚለውን ቃል ከመስማቴ በፊት ነገሩን በስላይድ፣ ደም በሚቀባበት መስታወት ላይ አይቼዋለሁ። መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ጎረምሳ ደሙ ውስጥ ጥቂት ተውሳክ ታገኝና እሱ አልጋ ላይ ይንቀጠቀጣል። የአገሩ ተወላጅ ደግሞ ለሌላ ነገር ይመጣል፣ ቢኤፍ (የወባ የደም ምርመራ) ይታዘዝለታል፣ ስላይዱ ላይ ሞልቶ ታያለህ። ሰውየው ግን «ትንሽ ራሴን» ብሎ ቆሞ ይሄዳል። ተውሳኩ አንድ፣ ሰውነቱ ሁለት።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ንዳድ ይሉታል። ደገኛ ቆላ ወርዶ አያድርም፤ ገበያውን ጨርሶ ሳይመሽ ዳገቱን ይወጣል። በ1958 ግን ንዳዱ ራሱ ዳገቱን ወጣ። ዝናቡም ሙቀቱም ያልተለመደ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ እንደሞተ ይገመታል። አባቴ ሲያወሩ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር ይሉ ነበር። ደገኛው ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ነው የጠበቃት።

እና አንድ ጥያቄ አለኝ። የቆላው ሰው በተፈጥሮ የሚያገኘው መከላከያና ፕሮፌሰሯ አይጧ ላይ ያገኙት አንድ ነው ወይ?

ደንገጎ

ጋሼ፣ ጥያቄዎት ልክ ነጥቡ ላይ ነው። አንድ አይደለም። የቆላው ሰው መከላከያ በብዛት ደም ውስጥ ካለው ተውሳክ ጋር ነው የሚታገለው። በዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ታሞ የሚገኝ ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ ቢቆይ ይደክማል። ተውሳኩን ጨርሶ አያጠፋም፣ በሽታውን ነው የሚያበርደው። የሩት አይጦች መከላከያ ግን በሩ ላይ ነው። ደም ሳይደርስ ያስቀረዋል። ይህኛው በተፈጥሮ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ነው ብዙ ሰው ያላሰበው።

ጤናዳም፣ አንድ እርማት። ሐሳቡ ከባዶ አልተነሳም። በ1941 ህንድ ውስጥ የሞተ ስፖሮዞይት ለዶሮዎች ሰጥተው ከዶሮ ወባ የተወሰነ መከላከያ አግኝተው ነበር። ግን ወፍ ነው፣ ነገሩም ተረሳ። የሩት ሥራ አጥቢ እንስሳ ላይ፣ በሚለካ መንገድ መሆኑ ነው ለውጡ።

እኔ ሜሪላንድ ነኝ። ሥራዬ ትንኝ መክፈት ነው። አልቀለድኩም፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ አሜሪካ ትንኝ ያርዳል» ትላለች። በረዶ ላይ ታደነዝዛታለህ። ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ ታስተኛታለህ። በአንዱ መርፌ ደረቷን ትይዛለህ፣ በሌላው ጭንቅላቷን ቀስ አድርገህ ትስባለህ። ዕድለኛ ከሆንክ የምራቅ ዕጢዎቹ ተከትለው ይወጣሉ፤ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ጣት አላቸው። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ይበጠሳሉ። ያን ቀን ቡና አልጠጣም።

ይህን የምናገረው ለምን መሰለህ? የ1967ቱ ግኝት ሲነገር ሐሳቡ ብቻ ይነገራል። ቫንደርበርግ የትንኝና የስፖሮዞይት ሰው ባይሆን ኖሮ ሩት የምትወጋው ነገር አይኖራትም ነበር። ስፖሮዞይት ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ባክቴሪያ አሳድገህ የምታፍሰው ነገር አልነበረም። እያንዳንዷ ጠብታ ከትንኝ ነው የምትመጣው። ኢሚዩኖሎጂስቷና የትንኝ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ግማሹ ነገር እሱ ነው።

ተጠራጣሪው

ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ማር ላይ ማር አትቀቡ። የዚህ ክትባት ውጤት 36 ከመቶ ነው አይደል? በኛ ትምህርት ቤት 36 ያመጣ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል። 54 ዓመትና ያን ሁሉ ገንዘብ ለዚህ?

ጤናዳም

@ተጠራጣሪው 36 ትክክል ነው፣ ከየት እንደመጣ ግን እንየው። ትልቁ ሙከራ በሰባት የአፍሪካ አገሮች 11 ቦታ ላይ፣ 15,459 ሕፃናት ላይ ነው የተደረገው። 36 ከመቶ የሚለው ከ5 እስከ 17 ወር ዕድሜ ላይ ጀምረው አራት ዶዝ የወሰዱ ልጆች ላይ፣ አራት ዓመት ያህል ተቆጥሮ የተገኘ ነው። መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፣ እየቆየ ይወርዳል።

አሁን ደግሞ አስብ። አንድ ልጅ ወባ በበዛበት አገር በዓመት ብዙ ጊዜ ሊታመም ይችላል። አጎበርን ማንም አይንቅም አይደል? በሙከራዎች ላይ አጎበር የሕፃናትን ሞት የቀነሰው በ17 ከመቶ ገደማ ነው። በማላዊ፣ በጋናና በኬንያ ክትባቱ በገባባቸው አካባቢዎች ለክትባት በደረሱ ልጆች ላይ በአደጋ ከሚደርሰው በቀር የማንኛውም ምክንያት ሞት 13 ከመቶ ቀነሰ። ያውም ሁሉም ልጅ ሳይከተብ፣ አጎበሩ ላይ ተጨምሮ። ወላጅ አምጣ የሚባል ውጤት አይደለም።

በ2023 ደግሞ አር21 የሚባለው ሁለተኛ ክትባት ተመከረ። ኦክስፎርድ ሠራው፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ናኖሮ ላይ ተሞከረ፣ ህንድ በብዛት ያመርተዋል። ውስጡ ያለው ያው የሩት ፕሮቲን ነው።

አዲስ_ገቢ

እኔ ነኝ የአክስቷ ልጅ። 😅 ሊንኩን ላከችልኝ። ጋሼ፣ ደንገጎ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅ። ለምን ጨረር? ተውሳኩን ለምን አልገደሉትም? ብዙ ክትባት የሞተ ጀርም አይደል?

ደንገጎ

የሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ የመስኩ ዋና ጥያቄ ነው።

ቆሎ ቆልተህ ብትዘራው አይበቅልም። ደህና ዘር ብትዘራ በቅሎ ያፈራል። የሩት ጨረር የሠራው መካከለኛውን ነው፤ ይበቅላል፣ ግን አያፈራም። ስፖሮዞይቱ በሕይወት አለ፣ ይንቀሳቀሳል፣ ጉበት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ማደግ ይጀምራል። የዘር መመሪያው ስለተጎዳ ግን መባዛቱን አይጨርስም፣ እዚያው ይቀራል። ደም ውስጥ የሚወጣ መንጋ የለም። ጨረሩ ካነሰ አይጧ ትታመማለች። ከበዛ ቆሎ ይሆንና መከላከያው ይደክማል።

በሕይወት መኖሩ ለምን ይጠቅማል? አንቲቦዲ ሕዋስ ውስጥ የተደበቀ ነገር አይደርስበትም። የጉበት ሕዋሱ ግን የገባበትን ተውሳክ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ገጹ ላይ ያሳያል። ያኔ ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ያዩታል፣ ሕዋሱንም ያጠፋሉ። ሞቶ ቢሆን ጉበት አይገባም፣ ይህኛው ትምህርት አይሰጥም። የሩትና የቪክቶር ላብራቶሪ ቆይቶ ይህን የቲ ሴል ጎን ብዙ ሠርቶበታል።

በ1973 ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ላይ ተሞከረ። ዴቪድ ክላይድ የሚባል ተመራማሪ ፈቃደኞችን በጨረር በተመቱ ትንኞች አስነከሰ። ሠራ! ችግሩ ጥሩ መከላከያ ለማግኘት ከሺህ በላይ ንክሻ ማስፈለጉ ነው። ማን ለልጁ ሺህ የትንኝ ንክሻ ያስከትባል? ለዚህ ነው ፕሮቲኑን ነጥሎ የማውጣት ነገር የመጣው።

ቀጋ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ቡሬ አካባቢ። ስለ ሳይንቲስቷ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር።

እኔ ቤት ለቤት ስሄድ ሰው የሚለኝ ሌላ ነው። «ወባ የሚያመጣው እሸት በቆሎ ነው» ይላሉ። በመስከረም የበቆሎ አገዳ የመጠጠ ልጅ ታመመ ይባላል። እኔ በየቤቱ ትንኝ ነው፣ አጎበር ነው እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዳንዱ አጎበሩን እህል ያሰጣበታል።

ጥያቄዬ፦ እኛ ጋ ሁለቱም የወባ ዓይነት፣ ፒኤፍም (ፋልሲፓረም) ፒቪም (ቫይቫክስ) አለ። ፒቪው ደግሞ ይመለሳል። ታክሞ ድኖ፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰውዬ ያው በሽታ። ይህ ክትባት ለፒቪ ይሆናል ወይ?

ጤናዳም

@ቀጋ እህቴ፣ አይሆንም። አርቲኤስኤስም አር21ም የተሠሩት ለፋልሲፓረም ብቻ ነው። ቫይቫክስም ያንኑ ዓይነት ልብስ ይለብሳል፣ የሚደጋገመው አዝማች ግን ሌላ ነው። አንቲቦዲው አያውቀውም። የሚገርመው የቫይቫክሱን ጂንም የሩት ላብራቶሪ በ1985 አውጥቶት ነበር። ግን ገንዘቡም ትኩረቱም ልጆችን በብዛት ወደሚገድለው ፋልሲፓረም ሄደ። አብዛኛው አፍሪካ ቫይቫክስ ብዙም ስለሌለበት የኛ ጉዳይ እንደ እንግዳ ነው የሚታየው። እኔን ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የሚመለሰው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ቅርጽ ስላለው ነው። ለእሱ መድኃኒቱ ፕሪማኪን ነው፣ 14 ቀን። ሰው ሦስተኛው ቀን ሲሻለው ያቆመዋል። አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ደንገጎ

ቀጋ፣ የበቆሎውን ነገር ቶሎ አትናቂው! ሰዎቹ ምክንያቱን ተሳስተዋል እንጂ ያዩትን በትክክል አይተዋል። በ2000 ከኢትዮጵያ የወጣ ጥናት አለ። የበቆሎ የአበባ ዱቄት ኩሬ ላይ ሲረግፍ የወባ ትንኝ እጮች ይበሉታል። በደንብ ያድጋሉ፣ ብዙዎቹም ትንኝ ለመሆን ይደርሳሉ። በቆሎ ደጅ ላይ፣ ኩሬ በቆሎው ሥር፣ ሰውና ከብት ደግሞ እዚያው። እሸቱ ወባ አያመጣም፤ እሸቱ የሚደርሰውና ትንኟ የምትፋፋው ግን በአንድ ሰሞን ነው።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ 36ቱን ተቀብያለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው። የኛው አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፍበት ቀንድ አውጣ ነው። ርካሽ፣ ከደጅ የሚለቀም፣ የአገር ተክል። ከሩት ሦስት ዓመት ቀድሞ! ከዚያ የደህንነት ምርመራው ይጠናቀቅ፣ ይሄ ይቅረብ፣ ያ ይቅረብ እየተባለ ዓመታት ሄዱ። በ1989 ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ፣ ያውም ደስ ብሎናል። ግን እንዶድ ዛሬ የት አለ?

እና ለልጁ እውነቱን ንገሩት። የሩት ግኝት ክትባት የሆነው ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ፣ የአሜሪካ ጦርና ከ2001 ጀምሮ የጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ስለገቡበት ነው። ጎበዝ መሆን ብቻ አይደለም። በየትኛው ከተማ ጎበዝ እንደሆንክም ነው።

ጤናዳም

አልከራከርህም። እኔ የወጣሁትም በዚህ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ለሙከራ ያዘዝኩት ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ዘጠኝ ወር መንገድ ላይ ቆየ። ሲደርስ በመንገድ ላይ ቅዝቃዜው ተቋርጦ፣ ቀኑም አልፎበት ነበር። ካርቶኑን ስከፍት አላለቀስኩም፣ ሳቅኩ። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አለቀ። አሁን የማስተምረው ሌላ ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሩትም ገንዘቡ በሌለበት ነው የጀመረችው። ጂቪ እኮ ከየመድኃኒት መደብሩ ርካሹ ጠርሙስ ነው። ሰዎች ደምን በምን እናጥራው ሲሉ እነሱ መደርደሪያው ላይ ያለውን አነሱ። ትልቁ ገንዘብ የመጣው ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ነው። ጥያቄውን የመለሰችው በአይጥ፣ በትንኝና በአንድ የኤክስሬይ ማሽን ነው።

አዲስ_ገቢ

ባሏም እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ ከነበረ ሥራው የማን ነው የሚባለው? ይቅርታ፣ እየሰለቸኋችሁ ነው።

ደንገጎ

አልሰለቸኸንም። የ1967ቱ ጽሑፍ ላይ ቪክቶር የለበትም። ያኔ እሱ ሌላ የኢሚዩኖሎጂ ሥራ ላይ ነበር፤ ወደ ወባ የመጣው በኋላ ነው። የፕሮቲኑ ዘመን ላይ ግን አብረው ናቸው፣ ስማቸው ጎን ለጎን ነው። ሩት በኋላ የፓራሲቶሎጂ ክፍሉን በኃላፊነት መርታለች። በ2013 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነች፣ 85 ሊሞላት ሲል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ራሳቸው የታወቁ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሚሼል ኢሚዩኖሎጂስት ነው። ሴቷ አንትሮፖሎጂስት ነች። እራት ላይ ምን እንደሚያወሩ አስቡት።

ተጠራጣሪው

ኖቤልስ?

ደንገጎ

አላገኘችም። ወባ ብዙ ኖቤል አስገኝቷል፤ ሮስ በ1902፣ ላቨራን በ1907፣ ቱ ዮዮ በ2015። ክትባቱ እስካሁን ምንም። ለሞተ ሰው ደግሞ አይሰጥም።

ጋሽ_ስላይድ

የአክስት ልጅ፣ አንተን ላናግር። ይህ ሁሉ ሰው ስለ ጂንና ስለ ኖቤል ሲያወራ አንድ ሰው አንተን የጠየቀህ የለም። ተውሳኩን አይተኸዋል? በሥዕል አይደለም። ራስህ በቀባኸው ስላይድ ላይ።

አዲስ_ገቢ

እውነቱን ለመናገር ጋሼ፣ አላየሁም። ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፑ አንድ ነበር፣ ተሰልፈን ነበር የምናየው። ተራዬ ሲደርስ ሌንሱ ጠፍቶበት ሰማያዊ ነገር ብቻ ነው ያየሁት። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ልምምድ ፈቅደውልኛል።

ጋሽ_ስላይድ

በል ሰኞ ማታ ጻፍልኝ። ወፍራሙን ስላይድ በደንብ ሳይደርቅ አትንካው። ከመቶ ሜዳ (በሌንሱ አንዴ የሚታይህ ክብ) በታች አይተህ «የለም» አትበል። ወጣት የሆነው ተውሳክ ቀለበት ነው የሚመስለው፤ ልክ የጋብቻ ቀለበት፣ ፈርጡ ቀይ።

ቀጋ

ጋሼ እኔንም አስተምሩኝ፤ እኛ ያለን አርዲቲ (ፈጣን መመርመሪያው) ብቻ ነው።

አዲስ_ገቢ

ሰኞ ማታ ነው። ጋሼ፣ ስምንት ስላይድ ቀባሁ። ስድስቱ ምንም አይታይባቸውም። ሁለቱ ላይ ቀለበቱን ያየሁ ይመስለኛል፣ ግን ፈርጡ ቀይ አይደለም። ሁሉም ነገር ሮዝ ሮዝ ይላል። የላብራቶሪው ሰውዬም «የቀለም ቆሻሻ ነው» አለኝ። ምን አጠፋሁ?

ጋሽ_ስላይድ

ጊምዛውን፣ ማቅለሚያውን፣ በምን ውሃ በጠበጥከው?

አዲስ_ገቢ

በቧንቧ ውሃ።

ጋሽ_ስላይድ

7.2 መሆን አለበት ፒኤቹ፣ የአሲድነት ልኬቱ። ነገ ባፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ) አዘጋጅተህ እንደገና ቀባ። ሁለቱን ስላይዶች ግን እንዳትጥል።